ሳልሞት ለተነፋልኝ ጡሩምባ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ፈቀደ ኬርጋ
የላይ ሰፈር መረዳጃ እድር ሊቀመንበር
ነጌሌ

ጉዳዩ፦ በሕይወት እያሉ ፈጠን ብሎ ለመራመድ ፈቃድ ስለ መጠየቅ

የተከበሩ ሊቀመንበራችን፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን የምለው ደብዳቤ በጤና ምኞት ስለሚጀመር ብቻ እንዳይመስልዎ፤ በአሁኑ ጊዜ በሰፈራችን ከዝናቡ ቀጥሎ የሚወራው ስለ እርስዎ ጤና ስለሆነ፣ እኔም እንደ አንድ አባል ከወሬው ድርሻዬን ልወስድ ብዬ ነው። ለተከበሩት ባለቤትዎ ለወይዘሮ ብዙወርቅ፣ ለልጆችዎና በብረታ ብረት ሱቅዎ ደጃፍ ለሚሰበሰበው ወዳጅ ዘመድ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። በእኔ በኩል ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከእድሩ ጋር ያጣላኝ ደህና መሆኔ ነው።

እኔ በእድራችን መዝገብ ሳላሃዲን ነስሩ ተብዬ የተመዘገብኩ፣ ገበያው አፍ ላይ እህል፣ ቅመምና ጨው የምሸጥ፣ ከእርስዎ ሱቅ ጋር ግድግዳ ተጋርቼ የኖርኩ ሰው ነኝ። ራሴን የማስተዋውቀው እርስዎ ስለማያውቁኝ ሳይሆን፣ ይህ ደብዳቤ በእድሩ ቤት በር ላይ ስለሚለጠፍና መንገደኛም ቆሞ ሊያነበው ስለሚችል ነው።

የእድራችን ሥራ አመራር ኮሚቴ «ማንኛውም አባል ፀሐይ ሳትወጣ በመንገድ ላይ በችኮላ እንዳይራመድ፣ ይህን ተላልፎ የተገኘም ከአባልነት እንዲሰረዝ» ሲል በእርስዎ ፊርማ ያስተላለፈውን ውሳኔ በሁለት እጄ ተቀብያለሁ። ውሳኔው «ማንኛውም አባል» ይበል እንጂ በላይ ሰፈር ፀሐይ ሳትወጣ የሚራመደው አባል እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ስሜን ላለመጥራት ለታየልኝ ይሉኝታ ኮሚቴውን ሳላመሰግን አላልፍም። የምጽፍልዎ ስለ ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ስለ እግሬ፣ ሁለተኛው ስለ ደምዎ። ስለ እግሬ ብዙ እጽፋለሁ፣ ስለ ደምዎ ግን ትንሽ። ይሁንና እንቅልፍ የሚነሳኝ ሁለተኛው መሆኑን ከወዲሁ ይወቁልኝ።

ነገሩ ከመጀመሪያው እንዲህ ነው። ባለፈው በጋ ጆንያ ባነሳሁ ቁጥር ዓይኔን እያጥበረበረኝ፣ ማጅራቴን እየጨመደደኝ ስቸገር፣ የሰፈራችን ልጅ ነርሷ ሲስተር ኦብሴ ለካችኝና ደም ብዛት እንዳለብኝ ነገረችኝ። ለጊዜው ኪኒን ሳንጀምር በአኗኗርዎ እንሞክረው፣ ካልወረደ ግን መድኃኒቱን ይጀምራሉ አለችኝ። ጨው እንድቀንስ፣ ቅቤና ጮማ እንዳላበዛ፣ ጎመንና ፍራፍሬ እንዳዘወትር፣ ጫቱን እንድተው፣ እንቅልፌን እንድጠግብ አዘዘችኝ። ለጉራጌ ልጅ ከዚህ ሁሉ የትኛው እንደሚከብድ ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ ክትፎ በፊትዎ ቀርቦ «ለእኔ ይቅርብኝ» ማለት ምን እንደሆነ ሞክረውት ባያውቁም ሊገምቱት ይችላሉ። በመጨረሻም በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳላቆም ፈጠን ብዬ እንድራመድ አስጠነቀቀችኝ።

ጣጣውን ሁሉ ያመጣው «ሳላቆም» የሚለው ቃል ነው። እርስዎም እንደሚያውቁት በዚህ ከተማ ሳያቆም ግማሽ ሰዓት የተራመደ ሰው እስከ ዛሬ አልታየም። «አካም» (እንዴት ነህ) ብሎ የጀመረ ሰው «ናጋ» (ሰላም ነው) እየተባባለ የቤተሰቡን፣ የከብቱን፣ የግመሉን፣ የሣሩንና የውሃውን ደህንነት ጠይቆ ሲያበቃ አንድ የረሳው ጥጃ ትዝ ይለውና ከመጀመሪያው ይጀምራል። እኛም እዚህ መጥተን ሱቅ ስንከፍት ከኦሮምኛው ሁሉ አስቀድመን የተማርነው ይህንኑ ነበር፤ ሰላምታውን ያልጨረሰ ደንበኛ ስኳር አይገዛም። ስለዚህ መንገዱ ጭር በሚልበት ሰዓት፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ልራመድ፣ ሰው ቢያጋጥመኝም እጄን አንስቼ ልለፍ ብዬ ወሰንኩ። ይህች እጅ ማንሳት ምን እንደምታስከትል አላሰብኩበትም።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በምስጋና እየጠቀለልኩ በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. ስለ ጡሩምባው

የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ሞሉ የሱቆቻችንም የሌሊት ዘበኛ እንደሆነና ሥራውን እንደሚወድ እርስዎም እኔም እንመሰክርለታለን። በዚያን ዕለት ጎህ ሲቀድ አንድ ሰው ጋቢ ተከናንቦ ከእኔ ግቢ ሲወጣ፣ ወደ እርስዎ ቤት በሚወስደው መንገድ ሲገሰግስ አየ። እንደ ሥርዓቱ «አካም፣ ናጋ?» ብሎ ጠየቀው። ሰውየው ቃል ሳይተነፍስ እጁን ብቻ አንስቶ አለፈ።

በእድራችን የቆየ ልማድ ሌሊት ሰው የሞተበት ቤት መልእክተኛ ወደ ሊቀመንበሩ ሲሄድ በመንገድ ላይ ለሚጠይቀው «ናጋ» ብሎ አይመልስም፤ ሰላም ሳይኖር ሰላም ነው ማለት ውሸት ይሆንበታልና እጁን ብቻ አንስቶ ያልፋል። ይህን ልማድ በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ እንዲገባ ያደረጉት እርስዎ ሲሆኑ፣ በስብሰባው ላይ እጄን አንስቼ የደገፍኩት እኔ ነኝ። ሞሉ ከእኔ ቤት የወጣ መልእክተኛ አይቷል፤ ሳላሃዲን ጨው ትቷል፣ ጮማ ትቷል፣ ጫት ትቷል ሲባልም ሰንብቷል። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ከተወ በኋላ የሚቀረው ምን እንደሆነ ለመገመት ሞሉ የማንንም ምክር አላስፈለገውም። ጡሩምባውን አንስቶ ስሜን ከነአባቴ ጠራ።

እኔ በዚያን ሰዓት ከእርስዎ ቤት አልፌ የመንገዱ መጨረሻ ላይ ደርሼ ነበር። ጡሩምባውን ከሩቅ ሰምቼ «የማን ቤት ይሆን?» ብዬ አዘንኩ። ግማሽ ሰዓቴን ጨርሼ ስለነበር ከቡሌ ሆራ የመጣ አንድ የማውቀው የጭነት መኪና ሹፌር ሳገኝ፣ ያጠራቀምኩትን ሰላምታ ሁሉ በእሱ ላይ አወረድኩት፤ ሁለታችንም ለሟች ቤተሰብ መጽናናትን ተመኘን። ፀሐይዋ ከፍ እስክትል ድረስ ስለ ዝናቡ ስንጫወት ቆየን።

በዚህ መሐል በቤቴ የሆነውን ያጫወተችኝ ባለቤቴ ሀፍሳ ናት። ሰዉ ግቢውን ሞልቶ ሲያለቅስ ግራ ተጋብታ «ኧረ ደህና ነው፣ አሁን በእግሩ ነው የወጣው» ብትላቸው፣ ሴቶቹ ሐዘኑ አእምሮዋን ነክቶታል ብለው ይበልጥ ተላቀሱላት። ጫማዬን ለማስረጃ ልታሳያቸው ብትፈልግ ጫማው የለም፤ እኔ እግር ላይ ነዋ። ወደ መቃብር የተላኩት ቆፋሪዎችም አፈሩ ድርቅ ብሎባቸው ግማሽ ድረስ እንደቆፈሩ በኋላ ሰምቻለሁ። እነሱን በግንባር ቀርቤ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

እኔ ስመለስ በደጄ ድንኳን ተተክሏል፣ አግዳሚ ተደርድሯል፣ እርስዎም በመሐል ቆመው ስለ እኔ ንግግር ያደርጉ ነበር። ክቡር ሊቀመንበር፣ ለዚያ ንግግር ልባዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ሚዛኔ የማያዳላ፣ አፌ የማያስቀይም፣ ለጎረቤት የምደርስ ሰው መሆኔን በሕይወት ሳለሁ ከእርስዎ አንደበት ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ሳምንት እንኳ ስለ ሚዛኔ ያሉኝ ሌላ ነው። ድንኳኑ በር ላይ ቆሜ ሰዉ ሁሉ ሲደነግጥ፣ አንዷም ሴትዮ ስትወድቅ፣ እርስዎ ብቻ ሳይደነግጡ ከመነጽርዎ በላይ አይተውኝ እንዲህ አሉ፦

«ሳላሃዲን፣ ተቀመጥ። ንግግሩን ልጨርስ።»

ተቀመጥኩ። ጨረሱ። እንዲያ ያለ ሥርዓት አክባሪ ሊቀመንበር ለየትኛውም እድር ይስጠው እላለሁ።

፪ኛ. ስለ ንፍሮው

በራሴ ሐዘን ላይ ንፍሮ ቀርቦልኝ ቀምሼ ጨው በዝቶበታል ብዬ በመመለሴ፣ የሐዘንተኛን ቤት እንደ ማዋረድ ተቆጥሮብኛል። ሐዘንተኛው ቤት የእኔ ቤት፣ ሟቹም እኔ መሆኔ ጥፋቴን ያቀልልኛል ብዬ ነበር፤ ኮሚቴው ግን አልተቀበለውም። ከዚያ ወዲህ በየሐዘኑ ቤት ስሄድ ሳህኔን የሚከታተል ሰው አይጠፋም። እርስዎም በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ጨው አልባ ወጥ የበሽተኛ ነው፣ ጤነኛ ሰው የሚበላውን ማየት የሚፈልግ እኔ ቤት መጥቶ የብዙወርቅን እጅ ይቅመስ ብለው ሰዉን በሳቅ አፈረሱት። እኔም ስቄያለሁ። ጨው እየሸጠ ጨው የማይበላ ነጋዴ የሚለው ቀልድዎ ደግሞ ተልተሌ ድረስ ተሰምቶ፣ ከዚያ የመጣ አንድ ደንበኛዬ ጨዉ ምን ነገር ቢኖርበት ነው ብሎ ሳይገዛ ሄዷል።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምግቡ እርጥብ ካርቶን የማኘክ ያህል ነበር። ሀፍሳ ግን ተስፋ አልቆረጠችም፤ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ሎሚውን፣ በሶብላውን፣ ቃሪያውን እያፈራረቀች ምላሴን መልሳ አስተማረችው። ዛሬ እንዲያውም ሰው ቤት ስበላ ጨዉ ይጮህብኛል። ይህን ለመመካት የጻፍኩት አይደለም፤ ትንሽ ግን ለመመካት ነው።

፫ኛ. ስለ ቅጣቱ

እድሩን ያለ ሞት አስነስተሃል ተብዬ በሚቀጥሉት ሐዘኖች ሁሉ ድንኳን እንድተክልና አግዳሚ እንድሸከም ተፈርዶብኝ ነበር። ይህን ቅጣት ላሰቡልኝ ሰው ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አግዳሚዎቹን ከእድሩ ቤት ወደ ላይኛው መንደር፣ ከላይኛው መንደር ወደ ታችኛው ሳመላልስ ቦርጬ ጠፋ፣ እንቅልፌ ተስተካከለ፣ ሲስተር ኦብሴም ለክታኝ ደሜ ደህና ቦታ መውረዱን ስታይ ይህን ሕክምና ያዘዘው ማን ነው ብላ ጠየቀችኝ። የእርስዎን ስም ነገርኳት።

ቅጣቴ ባለቀ ማግስት ግን የመራመድ ክልከላው ወጣ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ተራመድ ይሉኝ ይሆናል። ፀሐይ ከወጣች ሱቅ አለ፣ ሙቀት አለ፣ ከሁሉም በላይ ሰላምታ አለ፤ ከቤቴ እስከ መስጊዱ ድረስ ያሉትን ግመሎች ደህንነት ጠይቄ ስጨርስ ይመሻል። ስለዚህ ውሳኔውን አክብሬ በሱቄ ውስጥ ከማሽላው ጆንያ እስከ ጨዉ ጆንያ፣ ከጨዉ ጆንያ እስከ ማሽላው እሽከረከራለሁ። አውድማ ላይ እንደሚያበራይ በሬ ስዞር ደንበኞች ቆመው ያዩኛል። ሲስተር ኦብሴ በቅርቡ ስትለካኝ ደሜ እንደገና ወደ ላይ ማለት ጀምሯል። ይህንንም ለማመስገን ፈልጌ ነበር፤ ቃል አጣሁለት።

አራተኛ ብዬ ቁጥር የማልሰጠው ደግሞ ይኸውልዎ።

ያን ዕለት በድንኳኑ ውስጥ ሲስተር ኦብሴም ነበረች። ከሌሊት ተረኝነት ወጥታ፣ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች እያለቀሰች መጥታ፣ እኔን ስታይ ተቆጥታ፣ ኋላም ሳቅ አሸንፏት ተቀመጠች። ሰው እንደተሰበሰበ ዕድሉ አይለፍ ብላ መለኪያዋን አወጣችና ማስለካት የሚፈልግ ሁሉ ዝም ብሎ ትንሽ አርፎ ይምጣ አለች። አዛውንቱ ሁሉ ተሰለፈ፤ ድንኳኔ ክሊኒክ ሆነ። እርስዎም ለሌላው ምሳሌ ለመሆን ኮትዎን አውልቀው ክንድዎን ሰጡ።

እኔ አጠገብዎ ነበርኩ። ለካችዎትና መለኪያውን ደግማ አየች። ወደ ሌላኛው ክንድዎ አዛወረችው። ትንሽ ይረፉ ብላ ሌላ ሁለት ሰው ለክታ ተመለሰችና ሦስተኛ ጊዜ ለካችዎት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ማንም እንዳይሰማ፣ በዚሁ ሳምንት ጤና ጣቢያ እንዲመጡ፣ ለእርስዎ መራመድና ጨው መቀነስ ብቻ እንደማይበቃ፣ ምናልባትም መድኃኒት ዛሬ ነገ ሳይባል መጀመር እንዳለብዎ ነግራ ለመነችዎት። እርስዎ ግን ብድግ ብለው ለሰዉ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ይህ መሣሪያ የሚለካው ሐዘን ነው፣ ደግሞስ ማነሱ ነው እንጂ የሚያሳፍረው ደም ቢበዛ ምን ነውር አለው አሉ። ሰዉ ሳቀ። እርሷ አልሳቀችም። እርስዎም ሲስቁ እጅዎ የኮትዎን ቁልፍ መግጠም አቅቶት ነበር፣ የቆለፍኩልዎ እኔ ነኝ።

ደህና ነኝ፣ ምንም አያመኝም እንደሚሉ አውቃለሁ። እኔም ለሲስተር ኦብሴ ያንኑ ነግሬያት ነበር፤ ጋሽ ፈቀደ ምንም አያመውም አልኳት። የመለሰችልኝን ቃል በቃል ልጻፍልዎ፦

«ይሄ በሽታ ጡሩምባ አይነፋም፣ ጋሼ። አንድ ቀን ድንገት ይመጣል።»

ክቡር ሊቀመንበር፣ እስከዚህ ድረስ በክብር ስምዎ ጠራሁዎት፤ አሁን ግን ይፍቀዱልኝና ጋሽ ፈቀደ ልበልዎ። በአንድ አይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጠን፣ አቧራ ስንቅ አድርገን ወደዚህ አገር የመጣን ጊዜ እርስዎ ትልቅ እኔ ትንሽ ነበርኩ፤ መንገድ ላይ ሲያስመልሰኝ ጭንቅላቴን የያዙልኝ እርስዎ ነበሩ። ሀፍሳ ስታምጥ በሌሊት መኪና ፈልገው የመጡት እርስዎ ነበሩ። ወንድሜ አንድ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት በአንድ ጎኑ ወድቆ በቀረ ጊዜ፣ ሰዉ ሁሉ «ትናንት ደህና አልነበረም ወይ?» ሲል፣ ያጽናኑኝ እርስዎ ነበሩ። ደህና ነበር። የእሱንም ደም የለካው ሰው አልነበረም። ይህን ሁሉ የማነሳው ውለታ ልቆጥር አይደለም፤ ፈርቻለሁ ልልዎ ነው። ለእርስዎ ፈርቻለሁ።

እድራችን ለመቅበሪያ የሚጎድለው ነገር የለም። ድንኳናችን አዲስ ነው፣ ብረት ድስቶቻችን ያበራሉ፣ ሞሉም ዝግጁ ነው። የሞተ አባል ከዚህ እድር የሚጠይቀው ሁሉ ተሟልቶለታል። በሕይወት ያለው አባል ግን የጠየቀው ግማሽ ሰዓት መንገድ ብቻ ነው፤ እሱ ተከለከለ።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው ይህን ነው። ክልከላው ይነሳልኝ። ሞሉ ዳግም እንዳይሳሳት፣ ለጤናው የሚራመድ ሰው እጁን ከማንሳት ፋንታ ሳይቆም ድምፁን ከፍ አድርጎ «ናጋ» እያለ እንዲያልፍ በደንባችን ውስጥ አንድ መስመር ይጨመር፤ ስለ ከብቱ የሚጠይቅ ካለ ማታ ሱቄ ይምጣ። እኔ ለግመሎቹም ለጥጆቹም በሙሉ ጊዜዬ መልስ እሰጣለሁ። ከዚያ ደግሞ እርስዎ ጤና ጣቢያ ሄደው በጸጥታ፣ ያለ ንግግር ይለኩ። መሣሪያው የሚለካው ሐዘን ከሆነ ሐዘን በሌለበት ቀን ይሞከራል። ተሳስቶ ከተገኘ በጉባኤ ፊት ቆሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የፈለጉትን ያህል አግዳሚም እሸከማለሁ።

ለእድራችን ረጅም ዕድሜና ጥቂት ሥራ እየተመኘሁ፣ ለክቡርነትዎ ካለኝ የማያልቅ አክብሮትና ለኮሚቴው ካለኝ ሊያልቅ ከደረሰ ትዕግስት ጋር እሰናበታለሁ።

ሞተ ተብሎ ከመዝገብ ተሰርዞ በይቅርታ የተመለሰው፣
በሁለት እግሩ የቆመው፣
ታዛዥዎና ጎረቤትዎ
ሳላሃዲን ነስሩ

ግልባጭ፦
ለሥራ አመራር ኮሚቴው አባላት፣ በጋራ ቁጭ ብለው እንዲያነቡት፤
ለሞሉ፣ እንዲነበብለት ሳይሆን እንዲነገረው፤
ለሲስተር ኦብሴ፣ መለኪያዋን ይዛ እንድትጠብቅ።

ማስታወሻ፦ እንዳልናገር የተለመንኩትን አንድ ነገር እስከዚህ ድረስ ይዤ ቆይቻለሁ፤ ነገር ግን ትናንት ፈቃድ ስለ ተሰጠኝ እጽፈዋለሁ። የኮሚቴዎ ውሳኔ የሚከለክለው «አባልን» ነው እንጂ የአባልን ሚስት አይደለም። ወይዘሮ ብዙወርቅ ከድንኳኑ ቀን ወዲህ ኪዳን አድርሰው ሲወጡ ከሀፍሳ ጋር እየተገናኙ በታችኛው መንገድ ፈጠን ብለው ሲራመዱ ቆይተው፣ በጓሮ በር ነው ቤት የሚገቡት። እሳቸውም ደም ብዛት ተገኝቶባቸው ነበር፣ አሁን ወርዶላቸዋል። ጉባኤውን ያሳቁበት ያ ወጥ ደግሞ ጨዉ ከተቀነሰ ወራት አልፈውታል፤ በሶብላውን ከእኔ ሱቅ ነው የሚወስዱት፣ እርስዎም ሁለት ጊዜ እያስጨመሩ እንደሚበሉ ነግረውናል። ለምን ለእርስዎ በቀጥታ እንደማይነግሩዎ ብጠይቃቸው፣ መሐረባቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው «ሦስት ጊዜ ስትለካው እኮ ከኋላው ቆሜ አይቻለሁ። ስለ ደግነቱ ንግግር ሲደረግ ከፊት ተቀምጬ መስማት አልፈልግም፤ አብሬው ማርጀት ነው የምፈልገው» አሉኝ። ነገ ጠዋት በጓሮ ሳይሆን በፊት ለፊቱ በር ነው ለመራመድ የሚወጡት። እርስዎም እንዲከተሏቸው በሩን አይዘጉትም።